የ«ደህና ሁን ቦርጭ» አዲሷ አቀንቃኝ

«ከቴሺ እስከ ላባዲ እየዘፈንኩ እሮጣለሁ፤ አንዲት ጠብታ ላብ ከወጣኝ ስሜን ቀይሩት!» አለች አጄሌ፣ የዶሮ ክንፍ እያኘከች።

የገና ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። «ደህና ሁን ቦርጭ» የሚባለው የስፖርት ማህበር አባላት ቴሺ ባለው በአክስቷ በፎፎ ግቢ፣ ማንጎው ጥላ ስር ነበሩ። ተቀምጠው ነበር ለማለት ይከብዳል። ሩዙና ዶሮው አልቆ፣ የፍየሉ መረቅ ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ሁሉም እንደ ቦካ ሊጥ ከወንበሩ ላይ ተርፎ ፈሷል።

አጄሌ አንድ በአንድ ቃኘቻቸው። ስፖርተኛ ተብዬዎች! ሊቀመንበሩ አታ ሶዋ የማህበሩን ቢጫ ቲሸርት ለብሰዋል፤ ቲሸርቱ ግን እምብርታቸው ጋ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ቆሟል። ባለታክሲው ቦርቴ ከበሮ መቺ ነው፤ ከበሮውን አንግቶ ከሩቅ ሲመጣ ሁለት ከበሮ የተሸከመ ይመስላል። ለገና ከሃምቡርግ የመጣው ወንድሙ ደግሞ ነጭ ስኒከሩን አቧራ እንዳይነካበት እንደ ዶሮ እግሩን እያነሳ ነው የሚራመደው። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰውን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሱ «ጤና! ጤና!» የሚሉት።

«አፍሽ እንኳ ደህና ይሮጣል» አላት ቦርቴ።

«ያንተ ሲበላ ነው የሚሮጠው፤ የኔ ሲዘፍን።»

ሳቁ። አታ ሶዋ ግን አልሳቁም፤ ችግር ላይ ነበሩ። በየዓመቱ በገና ማግስት ማህበሩ በጠዋት ተነስቶ በባህሩ መንገድ ላባዲ ድረስ ሶምሶማ ይሮጣል። ፊት ፊት እየሮጠች፣ ቃጭል እየመታች ዘፈን የምታወጣው ፎፎ ናት፤ አስራ አንድ ዓመት ይዛዋለች። ዘንድሮ ግን የገናን ዋዜማ ቤተክርስቲያን ስትዘምር አድራ ድምፅዋ ተዘግቷል። ስታወራ የተቀደደ ነፋስ መሙያ ነው የምትመስለው።

«እሺ» አሉ አታ ሶዋ ቃጭሉን አንስተው። «ነገ አንቺ አውጪ። ማህበሩን እየዘፈንሽ ላባዲ ካደረስሽው ቃጭሉ ዓመቱን ሙሉ ያንቺ ነው። ለፋሲካ ማህበራቱ ሁሉ ኬፕ ኮስት ከተማ ሲሰበሰቡም ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

አጄሌ እንደማይገርማት ሆና ትከሻዋን ነቀነቀች። ልቧ ግን ሊወጣ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆመች ወዲህ ፊቱ የቆመችለት ነገር ቢኖር የአክስቷ የዓሳ መጥበሻ ብቻ ነው። በአስራ ስድስት ዓመት ዕድሜዋ «አጄሌ፣ ነይ ፊት ውጪ» ያላት ሰው የለም። ቃጭሉን ምን ያህል እንደምትመኘው የምታውቀው ትራሷ ብቻ ናት።

ማታ ሳህን ሲያጥቡ ፎፎ ጠጋ አለቻትና በሰለለ ድምፅ፣ «ነገ ቀስ ብለሽ አውጪው» አለቻት። «ተቀባዩን በጆሮሽ ያዢው። ድምፁ ሲሳሳ አንቺም ቀዝቀዝ በይ።»

«አክስቴ ደግሞ! አንቺ ቀስ የምትይው ወደሽ ነው እንዴ?»

ፎፎ ድስቱን ፈተገች።

በማግስቱ ገና ሳይሞቅ አርባ የሚሆን ቢጫ ቲሸርት መንገዱ ዳር ተሰለፈ። የትናንቱ ፍየል በየሆዱ ውስጥ እንዳለ ያስታውቃል፤ አንዱ ያገሳል፣ አንዱ ወገቡን ይዞ ያዛጋል። ፎፎ ከተቀባዮቹ መሃል ገብታለች። አታ ሶዋ ፊሽካ ነፉ፣ ቦርቴ ከበሮውን መታ፣ አጄሌ ቃጭሏን አንስታ ወጣች።

«የፍየሉን ጭን ማን በላው?»

«ቦርቴ!» አለ አርባው ሰው በአንድ አፍ።

«ጎኑንስ?»

«ቦርቴ!»

«አጥንቱንስ ማን ደበቀው?»

«ቦርቴ!»

ቦርቴ ራሱ እየሳቀ ከበሮውን አደመቀው። ከየቤቱ ልጆች እየሮጡ ወጡ፤ ጥርስ የሚፍቁ ሰዎች ቡርሻቸውን በአፋቸው እንደያዙ አጨበጨቡ። አጄሌ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም። አንድ ቃል ትወረውራለች፤ አርባ አፍ ይቀልብላታል። እነዚህ ሁሉ ሆዶች በእሷ ምላስ ነው የሚንቀሳቀሱት! ታዲያ ለምን በኤሊ እርምጃ? ፈጠን አለች።

«አታ ሶዋን ማን ይቀድማቸዋል?»

«ኤሊ!» አሉ፤ ግማሾቹ። ቀልዱ ሽማግሌ ላይ ነውና ግማሾቹ ዝም አሉ።

«ፎፎ ስትሮጥ ምን ይንቀጠቀጣል?»

«መን... ገዱ...» አለ አንድ ሁለት ሰው።

ደከማቸው፣ አለች በልቧ። ገና ሩቡን ሳይሄዱ! ዓመት ሙሉ ምን ሲሰሩ ነበር? ቅዳሜ ጠዋት ሮጠው ቅዳሜ ቀን በእጥፍ የሚበሉ! ሩጫዋን ጨመረች። ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ተበታተነ፣ የከበሮው ምት ራቀ። ዞር ብላ አላየችም። እውነተኛ አቀንቃኝ ወደ ኋላ አያይም ብላ እዚያው መንገድ ላይ ለራሷ ሕግ አወጣች።

በመንገዱ መሃል ያለው የሐይቁ ድልድይ ላይ ስትደርስ፣ «የፍየሉን ጭን ማን በላው?» አለች።

መልስ የለም።

«ቦርቴ!» አለች ራሷ።

ቂጣ የምትጋግር ሴትዮ ከድልድዩ ማዶ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«እየዘፈንኩ ነው!»

«ቃጭሉስ? የምትሸጪው ነገር አለ?»

አጄሌ አሁን ግን ሕጓን አፍርሳ ዞረች። መንገዱ ባዶ ነበር። አንድ ውሻና አንድ ብስክሌት ብቻ። ሊሆን አይችልም፣ እዚያ ኩርባው ጋ ናቸው፣ ይመጣሉ አለችና ቀጠለች። ብትመለስ ምን ልትባል ነው? ላቡ ከግንባሯ እየወረደ ዓይኗን ያቃጥላት ጀመር፤ በክንዷ ጠረገችው፤ እንደገና ወረደ።

ላባዲ ስትደርስ የባህሩ ዳርቻ ገና አልነቃም። ሁለት ሰዎች የፕላስቲክ ወንበር ይደረድራሉ፣ አንዱ የትናንት ጠርሙስ ይለቅማል። በታክሲ ቀድሞ የመጣው የማህበሩ ምግብ በቅርጫት ሆኖ ዛፍ ስር ተቀምጧል፤ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ ኬንኬ፣ እና የተጠበሰ ዓሳ። አጄሌ ቃጭሉን ሁለት ጊዜ መታችው። ጠርሙስ ለቃሚው፣ «እዚህ ትምህርት ቤት የለም» አላት።

አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ላቡ ደረቀ፣ ጨው ሆነ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ዘፈን ተሰማ። ከባድ፣ ዝግ ያለ፣ መሬት የሚመታ ዘፈን። ቀጥሎ ሰዎቹ ታዩ፤ ቢጫና ሰማያዊ ተደባልቀው። ሰማያዊዎቹ የጎረቤቱ ሰፈር የኑንጓ «ብረት ጉልበት» ማህበር አባላት ናቸው፤ ከኋላ መጥተው የ«ደህና ሁን ቦርጭ»ን ሰዎች መንገድ ዳር ጉልበታቸውን ይዘው ሲያለከልኩ አገኟቸው፤ ቢጫዎቹም ተነስተው ተቀላቀሏቸው። ፊት ሆኖ የሚያወጣው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ መሮጥም መራመድም በማይባል አካሄድ እግሩን እየጎተተ።

«ገና መጣ!» ይላል።

«መጣ!» ይላል ሰማንያ አፍ።

«በላን?»

«በላን!»

«ይወርዳል?»

«ቀስ እያለ!»

ቦርቴ ከኑንጓዎቹ ከበሮ ጋር ተጋጥሞ ይደልቃል። የሃምቡርጉ ሰውዬ ነጭ ጫማ ቀይ አፈር ሆኗል፤ እሱ ግን ጥርሱ አልከደን ብሎታል። ፎፎ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮዋ እየተቀበለች፣ እጇን ወደ ሰማይ እየሰደደች። አታ ሶዋ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የተኛ ሰው ይመስላሉ። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ይህ ነው አጄሌን ያንገበገባት። ያ ሁሉ ቦርጭ፣ ደስ ብሎት!

ተነስታ ሄደችባቸው። «አታፍሩም? በኑንጓ ሽማግሌ ተጎትታችሁ ትመጣላችሁ? እኔ ከሁላችሁም ቀድሜ ደርሼ ስጠብቃችሁ ይኸው ስንት ጊዜዬ!»

«አየንሽ» አሉ አታ ሶዋ፣ በእጃቸው አንገታቸውን እየጠረጉ። «ቂጣ ጋጋሪዋ ነግራናለች፤ ድልድዩ ላይ ስታወጪ ማን ተቀበለሽ?»

«ማንም! እናንተ ናችኋ ያቃታችሁ! ምን ላድርግ ታዲያ? ቦርጫችሁን ልሸከምላችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ትናንት ማንጎው ስር ሲሆን ይስቁ ነበር።

አታ ሶዋ እጃቸውን ዘረጉ። «ቃጭሉን።»

«አታ ሶዋ፣ እኔ እኮ አላቆምኩም! እስከመጨረሻው ድረስ ዘፍኛለሁ!»

«ቃጭሉን አልኩሽ፣ ልጄ።»

ደረቷ ላይ ይዛው ትንሽ ቆየች። ፊታቸውን አየች፣ የሚለወጥ አይደለም። ሰጠቻቸው። እሳቸውም ለፎፎ አቀበሏት፤ ፎፎ እንደ ቦርሳ ክንዷ ላይ አንጠለጠለችውና ወደ ምግቡ ቅርጫት ጎንበስ አለች። ቢጫውም ሰማያዊውም አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ኬንኬ መፍታት ጀመረ።

አጄሌ መሃላቸው እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ «ምንም አልደከመኝም እሺ? አሁን ራሱ ቴሺ ደርሼ መመለስ እችላለሁ!»

ፎፎ ከቅርጫቱ ቀና አለች።

«ጥሩ» አለች በዚያ በሰለለ ድምፅዋ። «የበርበሬው ማሰሮ እቤት ቀርቷል። ሂጂና አምጪው።»