ቬርና ከልቧ የተናገረች ዕለት

ቬርና ስካግስ በግዛቲቱ ምክር ቤት መተላለፊያዎች ላይ የሸበተች አግባቢ ናት። እንጀራዋ የከሰል ኩባንያዎችን ጉዳይ ይዛ የሕግ አውጪዎችን ልብ ማለስለስ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴናተር ኦርቪል ፕራት የጥንት ወዳጇ ናቸው፤ በመካከላቸውም ያልተጻፈ ደንብ አለ። ኩባንያዎቹ በሕዝብ ፊት ክፉ መባል አይሹም። ስለዚህ የሚጎዳቸው ሕግ ሲቀርብ ቬርና ድምፅ ማጉያው ፊት ቆማ "ሕጉን እንደግፋለን" ትላለች፤ ኦርቪል ሰምተው ሕጉን ይቀብሩታል። እሷ ካመሰገነች ሕጉ ሞቷል ማለት ነው።

የዘንድሮው ሕግ፣ በየተራራው ላይ የከሰል እጣቢ ያቆሩ አሮጌ ግድቦች እንዲፈተሹ ያዛል። በውሳኔው ቀን ጠዋት ወንድሟ ዶይል ከደንሞር ሸለቆ ደወለላት።

"እቱ፣ ከግድቡ ሥር ጥቁር ውሃ እየወጣ ነው። ከእማማ ጓሮ ደርሷል። እባክሽ ለሰዎችሽ ንገሪልን።"

ለኩባንያው ብትነግር መልሱን ታውቀዋለች። ሕጉ ግን ዛሬ ካለፈ ፈታሾቹ ወዲያው ይላካሉ፤ ዛሬ ካላለፈ እስከ ከርሞ የለም። እየሮጠች ሄዳ ሰብሳቢውን የአዳራሹ በር ላይ ያዘቻቸው።

"ሴናተር፣ ዛሬ የምናገረው ከልቤ ነው።"

ኦርቪል ሳቁ። "መቼስ ከልብሽ ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል?" አሉና ገቡ። የኩባንያውን ሰው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስላዩት፣ ይህም ለእሱ የሚደረግ ጨዋታ መሰላቸው።

ቬርና ድምፅ ማጉያውን ጨበጠች። ስለ እናቷ ጓሮ ተናገረች፤ ስለ ጥቁሩ ውሃ ተናገረች፤ አለቀሰች። የኩባንያው ሰው ፊቱ ተቀያየረ። ኦርቪል ግን ከመነጽራቸው በላይ አይተው ጠቀሷት። ባለቀሰች መጠን እሳቸው ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ።

"የወይዘሮ ስካግስ ንግግር ልብ ይነካል" አሉ። "ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ስለሚሻ ለከርሞ ተላልፏል።" መዶሻው ጠረጴዛውን መታ።

መተላለፊያው ላይ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "እንባውስ ቢሆን! እኔን እንኳ ልታታልይኝ ነበር፣ አንቺ ጉደኛ!"

"እናቴ እዚያ ናት፣ ኦርቪል።"

በማዕረጋቸው እንጂ በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ወደ አዳራሹ ዘወር አሉ፤ አባላቱ ኮታቸውን ለብሰው እየወጡ ነበር። "መዶሻ አንዴ ከወረደ..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

ቬርና ለዶይል ደወለች። "አሁኑኑ ውጡ። እማማን ይዘህ ውጣ። ለጎረቤቱም ንገር።"

"ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኩ ነው፤ ማን ይሰማኛል? እንዲያምኑኝ ብዬ 'ቬርናም ታውቃለች' ብላቸው ሳቁብኝ። 'እሷ ውጡ ካለች ኩባንያው መሬታችንን ቢፈልገው ነው' ይላሉ። አምና ግድቡ ደህና ነው ብለሽ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥተሽ የማልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እማማስ?"

"'ባቄላ ጥጃለሁ፣ ቬርና መጥታ በዓይኗ እያየችኝ ካልነገረችኝ ንቅንቅ አልልም' ብላለች።"

ከደንሞር ሸለቆ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይነዳል። ቬርና የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ እየፈለገች፣ በስልኩ ውስጥ ከወንድሟ ድምፅ ኋላ፣ በእማማ ቤት ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰማች።