የይፋጉ ብቸኛ ከፋይ

ይፋግ ውስጥ መተግበሪያዬን ከፍሎ የሚጠቀም አንድ ገበሬ ብቻ ነበር፤ አቶ አካሉ።

መተግበሪያው የሩዝ ዋጋ ይናገራል። በየማለዳው ፔዳ ሰፈር ካለችው የኪራይ ክፍሌ ሆኜ ለሩዝ መፈልፈያ ቤቶች እደውላለሁ፤ በስንት እንደሚገዙ ጠይቄ እጽፋለሁ። የወር ክፍያውን ሰባ ብር አልሁ፤ ማንም አልመጣም። ሃምሳ አደረግሁት። ሠላሳ አደረግሁት። አብሮኝ የተማረው ይትባረክ፣ «ቀጥለሽ ደግሞ አንቺው እየከፈልሽ ታስገቢያቸዋለሽ» አለኝ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሊቀጥረኝ ፈልጎ እስከ ሰኞ መልስ ስጪኝ ብሏል። ከገባሁ መተግበሪያው ይዘጋል። ሐሙስ ዕለት አንዲት የመፈልፈያ ቤት ባለቤት በስልክ ጮኸችብኝ፤ «የይፋግ ሰው ሁሉ ያንቺን ዋጋ እየጠራ ነው የሚከራከረኝ!»

ሁሉ? እሑድ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ጣና በስተግራ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ እኔ ስልኬ ላይ ያችን አንዲት ከፋይ ቁጥር አያለሁ።

አቶ አካሉ የሰንበቴው ሙሴ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ናቸው። ስደርስ ቅዳሴ አልቆ ማኅበርተኛው ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት አቶ አካሉ ተነሡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና የሩዙን ዋጋ በየከተማው፣ የወረታን፣ የአዲስ ዘመንን፣ የሐሙሲትን፣ አንድ በአንድ አነበቡ። ደጅ የቆሙት ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቁመው ሰሙ። ስንት ሰው ለምኜ ያገኘሁት ቁጥር ነው!

ጠጋ ብዬ ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው።

«ዜማ አንቺ ነሽ? እሰይ! ወገኖች፣ የዋጋዋ ልጅ መጣች!» ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። «ስምሽን በአገሩ አስጠራሁልሽ እኮ።»

«አባባ፣ ሰው በየስልኩ እንዲከፍል ብዬ ነው የሠራሁት። እርስዎ ካነበቡለት ማን ይከፍለኛል?»

«እኔ ከፍያለሁ። አጎደልሁ?»

«አላጎደሉም።»

«ታዲያ ሰንበቴ ላይ ለብቻው የሚቀምስ አለ? ዳቦውን አካፍዬ ቁጥሩን ልደብቅ?»

ማንም አልበደለኝም፤ የምቆጣው ሰው ማጣቴ ይበልጥ አናደደኝ። ልሄድ ወጣሁ።

አንድ ጋቢ የደረበ ጎልማሳ ተከተለኝ። «እህቴ፣ አምሐ እባላለሁ፤ የሩዝ ነጋዴ ነኝ። ሽማግሌውን ዝጊልን።»

«ምን?»

«ስልካቸው ላይ እንዳይከፈት አድርጊ። ለእኛ ለነጋዴዎቹ ብቻ ይሁን። ዋጋ ጥሪ።»

«እኔ የሠራሁት ለገበሬ ነው።»

«ገበሬ መቼ ከፈለሽ?»

እውነቱን ነው። እንዲሸሽ ብዬ አፌ ያመጣልኝን ጠራሁ፤ በወር አርባ ሺህ ብር። ራሴን አሳፈረኝ።

«እሺ» አለ፤ አንዲት ብር እንኳ ቀንሺ ሳይል።

ፊቱን አየሁት። ሩዝ ነጋዴ ሳይከራከር እሺ ካለ፣ የገበሬው ማወቅ ከዚያ በላይ እያሳጣው ነው ማለት ነው። አቶ አካሉን ለመዝጋት ስልኬን አንዴ መንካት ይበቃኝ ነበር። በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባን እምቢ እላለሁ፤ ክፍሌም፣ ሥራዬም የራሴ ይሆናሉ።

«አይሆንም» አልሁት።

ተመልሼ ገባሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። «አምሐ እናንተ ዋጋ እንዳታውቁ በወር አርባ ሺህ ብር ሊከፍለኝ ነበር» አልሁ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እምቢ ብየዋለሁ። ግን እናንተም ካልከፈላችሁ ነገ አዲስ አበባ ላለው ሥራ እሺ እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዋጋ የሚጠይቅላችሁ የለም።»

ጥግ የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ «እኛ እንዳናውቅ? አርባ ሺህ?» አሉ።

«ማኅበሩ ባንድነት ይክፈላት» አሉ አቶ አካሉ። «ስንት ይበቃሻል?»

«በወር ስድስት ሺህ።»

ቤቱ ተናጋ። «ውድ ነው!» «ከገና በኋላ ይሁን!» «አርባውን እምቢ ብላ ስድስት? ይህች ልጅ ዋጋ አታውቅም!» አንዱ፣ «ይፋግ ለምን ብቻዋን ትከፍላለች? ሌሎቹ ሰንበቴዎችስ?» ብሎ ተነሣ፤ ሌላው ጎትቶ አስቀመጠው።

«ሦስት ሺህ በሏት፤ ትስማማለች» አለ አንዱ፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ፊቴ ላይ ዋጋዬን ይቆርጡታል። ዳቦ ሰጡኝ።

«ስድስት ነው ያልሁት» አልሁ፤ አሁን ጮክ ብዬ። ዳቦዬን ይዤ፣ መልሳቸውን ልጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ።