ሃያ ሁለት ሲል

ባልደረቦቿ ግማሽ ይሏታል። ስሙ የወጣላት በአንድ ስብሰባ ላይ ለግማሽ ዲግሪ ስትል ከአለቃዋ ጋር የተጣላች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ፣ በስልክም የሚታዘዝ መሣሪያ ይሠራሉ። የእሷ ድርሻ መሣሪያው በትክክል እንዲለካ ማድረግ ነው። ችግሩ፣ መሣሪያው ራሱ ይሞቃል። ስክሪኑ ሲበራ ይሞቃል፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ይሞቃል፤ ከዚያ የራሱን ትኩሳት የቤቱ ሙቀት ነው ብሎ ያወራል። ግማሽ ይህን ትኩሳት አስልታ የምትቀንስበትን ቀመር ስትጽፍ ስትሰርዝ ከርማለች። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍነው በሌላው ያፈሳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሰው ከጎረቤቱ ይጣላል፤ እሷ ከግማሽ ዲግሪ ጋር ተጣልታ ዓይኗ ሥር ጠቆረ።

የብርዱ ወራት ሲገባ አንዱን መሣሪያ ቤቷ ወስዳ ከእናቷ ወንበር ማዶ ሰቀለችው። ለሙከራም ነው፣ ለእናቷም ነው። እናቷ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ከርማ መውጣቷ ነበር። የወጣች ዕለት ነርሷ ግማሽን ወደ ጎን ጠርታ፣ "ብርድ እንዳያገኛቸው። ሁለተኛ ከመጣባቸው እንጃ" ብላታለች። ግማሽ ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግታ ስትወጣ ያቺ "እንጃ" አብራት ትወጣለች።

"እማዬ፣ ሃያ ሁለት ሲል ቤቱ ሞቋል ማለት ነው" ብላ አስረዳቻት። "ከዚያ ከወረደ ማሞቂያው ራሱ ይነሣል። ምንም አትነኪም።"

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ቢሮ ደወለች። "በረደኝ፣ ልጄ።"

ግማሽ ስልኳን አየት አደረገች። ሃያ ሁለት ይላል። "እማዬ፣ ቤቱ እኮ ሞቋል። ቁጥሩን እዪው።"

በማግስቱም ደወለች፤ መልሱ ያው። ሌላ ጊዜ ስትደውል ግማሽ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ትዕግሥቷ አለቀና፣ "ኧረ በፈጠረሽ፣ እማዬ! የለካሁት እኔ ነኝ እኮ!" አለች። ከዚያ በኋላ እናቷ ስለ ብርድ አላነሣችም። ግማሽም እፎይ አለች። እፎይታው ኋላ ላይ ሲያስቡት ያሳፍራል፤ ያኔ ግን ድካም እንጂ ክፋት አልነበረም።

ከቤቷ የሚመጣው ልኬት ግን እንቆቅልሽ ሆነባት። እሷ ሥራ ላይ ሳለች ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ላይ ይቆይና ድንገት ሽቅብ ይወጣል፤ ማሞቂያው ይጠፋል፤ ቁጥሩ ተመልሶ ይወርዳል። ማሞቂያው ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየበራ እንዳይበላሽ ተብሎ፣ አንዴ ከጠፋ ደህና አድርጎ ሳያርፍ አይነሣም። ቤት እንዲህ በቅጽበት አይሞቅም። ስክሪኑ ነው አለች፤ ሰው ሲጠጋው የሚበራው ስክሪን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር እያሞቀው ነው። ቀመሩን ቀየረች፣ ሴንሰሩን ከስክሪኑ አራቀች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ልክ ይሆናል፣ ቤቷ ሲሰቀል ያው ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

አለቃዋ፣ ሁሉን ነገር "ነገ ያልቃል" ስለሚል አቶ ነገ የሚሉት፣ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኗን ተመለከተ። "እነዚህን ከፍ ከፍ የሚሉትን ሰርዢያቸውና ገላገይን፤ ነገ ያልቃል።" ልትሰርዛቸውም ምንም አልቀራት። በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከእናቷ መኝታ ክፍል ሳል መሰማት ጀምሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮው መብራት ጠፋና ሁሉም ወደ ቤቱ ተሰናበተ። ግማሽም ቤቷ ደርሳ ደረጃውን ወጣች። በሩን ከፈተች፤ እናቷ አልሰማችም።

እናቷ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ግድግዳውን በሁለት መዳፏ ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ቁጥሩን ለማንበብ አፍንጫዋ መሣሪያውን ሊነካው ደርሷል። ትንፋሿ ስክሪኑን ጉም ሲያለብሰው በእጅጌዋ ጠረግ ታደርገውና እንደገና ትጠጋዋለች። ግማሽ ቦርሳዋን ሳታወርድ ስልኳን አወጣች። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት ሲል ማሞቂያው ቀጭ ብሎ ጠፋ።

"ይኸው፣ ሞቀ" አለች እናቷ ለራሷ። ከዚያ እየተንቀጠቀጠች ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

"እማዬ።"

"ውይ! በደህና ነው በጊዜ የመጣሽው?"

"እዚያ ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እጠብቀዋለኋ። ሃያ ሁለት ሲል ሞቋል ብለሽኝ የለ? እስኪል ድረስ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እንዲያውም ስጠጋው ይፈጥናል፤ ለምዶኛል መሰለኝ።"

"ከዚያስ? ይሞቅሻል?"

እናቷ የብርድ ልብሷን ጫፍ አፍተለተለች። "ኧረ አይሞቀኝም። ግን አንቺ የለካሽው እንዴት ይሳሳታል? እርጅና ነው፣ ሰውነቴ ነው የሚዋሸኝ ብዬ ተውኩት።"

ግማሽ የእናቷን እጅ ያዘች፤ እጇ እንደ ብረት ቀዝቅዟል። መሣሪያው አልዋሸም፤ ፊቱ የተደቀነለትን ትንፋሽ በታማኝነት ለክቷል። እናቷ ሲበርዳት ትጠጋዋለች፣ ስትጠጋው ማሞቂያው ይጠፋል፣ ሲጠፋ ይብስ ይበርዳታል። ግማሽ ዲግሪ ስታሳድድ የከረመች ሴት፣ የሦስት ዲግሪ ስህተት ስልክ ደውሎ "በረደኝ፣ ልጄ" ሲላት አልሰማችውም።

ማሞቂያውን በእጇ አበራችው። መሣሪያውን ከግድግዳው ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለአቶ ነገ ምን እንደምትለው ለማሰብ አሁን አቅሙም የላትም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታሸው ጀመር። እናቷ ሳለች፤ ደረቅ ሳል ነው። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ።

"ታዲያ ስንት መሆኑን አሁን በምን አውቃለሁ?" አለች እናቷ።

"ስንት እንደሆነ አትንገሪኝ፣ እማዬ። የሚሰማሽን ንገሪኝ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

እናቷ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው አየች። ሁለት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ የሚቆጣት ሰው እንዳለ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "በረደኝ፣ ልጄ" አለች።