ደጉን የሚረከብ ሰው

በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደጉ ልደታ ካለው የጠባይ ማረሚያ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ዕድሜው አሥራ አምስት ነበር። እዚያ ሁለት ዓመት የከረመው፣ ጌጃ ሰፈር ካለው ከጎረቤታቸው ከእትዬ ዙሃራ ሱቅ ቴፕ ሰርቆ ነው። የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ቢመጣም፣ ወላጅ ወይም ሌላ ሰው ፈርሞ ካልተረከበው መውጣት አይችልም።

እናቱ ድንቅነሽ መጀመሪያ ላይ በየእሑዱ ትመጣ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ብቅ ብላ አታውቅም። ደጉ ተቀይማኝ ነው ብሎ ደምድሟል።

የማረሚያው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይዘሮ ሠርካዲስ የሚረከበው ሰው እንዲፈለግ ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ እስኪመጣ ደጉ ቢሯቸው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ይውላል። አዲስ ገቢዎች ሲመዘገቡ፣ ፀጉራቸው ሲላጭ፣ ልብሳቸው በጆንያ ሲታሰር ያያል። አብረውት የተፈቱት ሦስት ልጆች ከእናት ከአጎታቸው ጋር ሄዱ። የእሱ አልጋ ለአዲስ ልጅ ስለተሰጠ ሰሌን ላይ መተኛት ጀመረ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት እትዬ ዙሃራ መጡ። ደጉ ሲያያቸው ብድግ ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

“ምኑ ነዎት?” አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ።

“ጎረቤቱ ነኝ። የተሰረቅኩትም እኔው ነኝ።”

“ታዲያ እንዴት እርስዎ ይፈርማሉ?”

“ሌላ ማን አለው? ደብዳቤው ቀበሌ መድረሱን ሰምቼ ነው የመጣሁት።”

ፈረሙ። ደጉ ያጠረበትን አሮጌ ሱሪውን ለብሶ ተከተላቸው። ከግቢው ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ እትዬ ዙሃራ ቆሙ።

“እናትህ ነሐሴ ላይ አርፋለች፣ ልጄ። እዚያ ሆኖ ብቻውን እንዳያለቅስ አትንገሩት ብላ አስምላን ነው።”

ደጉ አላለቀሰም። “ቤታችንስ?”

“ቀበሌው ለሌላ ሰው ሰጠው።”

“እርስዎ ጋ...” ብሎ ጀመረና ተወው።

እትዬ ዙሃራ አንገታቸውን ደፉ። “ባሌን ኑሪን ታውቀዋለህ፤ እሺ አይልም። መምጣቴንም አልነገርኩትም። ሰንጋ ተራ ኦልጅራ የሚባል ጎማ ጠጋኝ አለ፤ ዙሃራ ልካኝ ነው በለው። ሥራም ማደሪያም ይሰጥሃል።”

“ለቴፑ ይቅር ይበሉኝ።”

“ተወው እሱን።” ትከሻውን ነካ አድርገውት በፍጥነት ሄዱ።

ደጉ ግን መጀመሪያ ወደ ጌጃ ሰፈር ነው የሄደው። የቤታቸው በር አረንጓዴ ተቀብቷል። ሲያንኳኳ አንዲት የማያውቃት ሴት ሕፃን እንዳዘለች ከፈተች።

“ማንን ፈልገህ ነው?”

“ድንቅነሽን።”

“እሷማ ሞታለች። ምኗ ነህ?”

“ልጇ።”

ሴትዮዋ መንገድ ለቀቀችለት። ውስጡ የነሱ የሆነ አንድም ዕቃ የለም። ደጉ የእናቱ አልጋ በነበረበት ጥግ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፤ እስኪጨርስም አልተመለሰችም።

ከዚያ ተነሥቶ አመሰገናትና ኦልጅራን እያጠያየቀ ወደ ሰንጋ ተራ ሄደ።