ሆነር ፓስኮ ምንም አልሰረቀችም

ሜርል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሌባ ምንጅላቷ ስትኮራ ኖራ፣ ሰባ አንድ ዓመት በሞላት በሦስተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ጨዋ እንደነበረች ደረሰችበት።

ድሮ በስርቆት ተፈርዶባቸው ከእንግሊዝ በመርከብ ተግዘው ታዝማኒያ ደሴት የተጣሉ ሴቶች ተወላጆች በየዓመቱ፣ ፖም በሚለቀምበት ሰሞን፣ በሂዩን ወንዝ ዳር ባለው የመንደር አዳራሽ ምሳ ይበላሉ። የምሳው ሕግ አንድ ነው፤ የግዞተኛ ዘር ይቀመጣል፣ በፈቃዱ የመጣ ሰው ዘር ያስተናግዳል፣ ሳህንም ያጥባል። ድሮ የተገላቢጦሽ ስለነበር ነው። ወንድ ግዞተኛ አያት ያለው አይቆጠርም፤ ይህን አንቀጽ ያስገባችው ራሷ ሜርል ናት። ባሏ ክላይቭ፣ አያቶቹ በሙሉ ትኬት ቆርጠው የመጡበት ምስኪን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሽርጥ ታጥቆ አጥቧል። እሷ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ከማኅበሩ ሊቀመንበር ከዶት አጠገብ ተቀምጣ፣ ምንጅላቷ ሆነር ፓስኮ አይብ ሰርቃ ቀሚሷ ውስጥ እንዴት እንደደበቀች ታወራለች። አይቡ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይከብዳል።

ዘንድሮ የሆነር ስም በአዳራሹ የናስ ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ስለሆነ፣ የሞተችበትን ዓመት ልታጣራ ሆባርት ወዳለው ቤተ መዛግብት ሄደች። ሁለት ሆነር ፓስኮዎች ወጡ። አይቡን የሰረቀችው በመጣች በዓመቷ ሳትወልድ ሞታለች። የሜርል ምንጅላት ሌላዋ ናት፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በመንገደኛ መርከብ የመጣችው።

"አንዲት ዶሮ እንኳ?" አለች ሜርል።

"ምንም የለባቸውም እማማ። አዝናለሁ" አለች የመዝገብ ቤቷ ልጅ፤ ከልቧም አዘነች። ማጽናኛ እንዲሆናት ሆነር ለደሴቲቱ ገዢ የጻፈችውን ማመልከቻ ገልብጣ ሰጠቻት።

ክላይቭ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ፖም የሚልጥበትን ቢላ አስቀመጠ። "እንግዲያ ጨዋ ነሻ?"

"አትሳቅብኝ።"

"ማን ሳቀ? ሽርጡ ይበቃሽ እንደሆነ እያየሁ ነው።"

"ዝም ብል ማን ያውቃል?"

"ማንም። እኔም አልናገርብሽ፤ እጄ ለምዶታል።"

የባሰባት ይኼ ነው። ቢያሾፍባት ይሻላት ነበር። ያን ወንበር ያገኘችው እህቷ በሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳ ከጮኸ ከነዚያ ሴቶች አንዷ ናት። ማመልከቻውን ግን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሰባት ገጽ የሚሞላ ውሸት ለማውራት የምትደፍር ሜርል፣ በዚህች ሴት ላይ አይብ መለጠፍ አቃታት።

በምሳው ቀን፣ የበጉ ጥብስ ሳይነሳ፣ ቆመች። ነገረቻቸው።

"የነፃ ሰው ዘር!" አለች ዶት ሹካዋን ጥላ። "እኔ አጠገብ! እኛ እኮ እንደ ሰው የሌባ ዘር መስለሽን ነው!"

"መጀመሪያ ይህን ላንብብላችሁ" አለች ሜርል፣ የሆነርን ማመልከቻ ዘርግታ። "'ባሌ ቶማስ ፓስኮ የንብ ቀፎ ከነንቡ ሰርቆ ተግዟል። ግዞተኛ ለነፃ ሰው አገልጋይ ሆኖ ይሰጣልና፣ እሱም ለእኔ እንዲመደብልኝ እለምናለሁ። ልጆቹ ናፍቀውታል። እኔም ትንሽ።' ከሥሩ የገዢው ጸሐፊ 'ተፈቅዷል፤ ካጠፋ ትመልሰው' ብሏል።"

ዶት በናፕኪኗ አፍንጫዋን ጠረገች። "'እኔም ትንሽ' አለች? ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጣ?" ከዚያ ሊቀመንበርነቷ ትዝ አላት። "ሕግ ሕግ ነው። ወደ ማጠቢያው።"

ሜርል ቦርሳዋን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ክላይቭ ፊቱ እየበራ ሽርጡን መፍታት ጀምሯል።

"የት ልትሄድ?" አለችው። "ሰማህ አይደል፣ ባል ይመደባል። ካጠፋህ እመልስሃለሁ።"

"ለማን?"

"ለእናትህ።"

ሽርጡን መልሶ ታጠቀ። እሱ እያጠበ፣ እሷ እያደረቀች ስድስት ሳህን እንኳ ሳይሞላ በሩ በጀርባ ተገፍቶ ተከፈተ። ዶት የመስኮቱን ወንበር እየጎተተች ገባች፤ ከኋላዋ ሌሎቹ፣ ሻያቸውን እንደያዙ።

"ማጠብ ተባለ እንጂ ቆሞ ማጠብ አልተባለም" አለችና ወንበሩን ከሜርል ኋላ አስጠጋችላት። "ተቀመጪ። ይልቅ ያን ቀፎ ከነንቡ እንዴት አድርጎ ተሸከመው?"

ሜርል አታውቅም። መዝገቡም አይልም። ተቀመጠችና ፎጣውን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

"ንቦቹ" አለች፣ "መቶ ሺህ ይሆናሉ።"