ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲስተም የለም

ሰርቨሩ የሚወድቀው ሁልጊዜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ቢዘገይ ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት ነው። በቪያሪካ ከተማ ዙሪያ ያሉት አሥራ ዘጠኙ ፋርማሲዎቻችን ሽያጭ ሊመዘግቡ ሲሉ ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ፋርማሲስቱ ለታማሚው «ሲስተም የለም፣ ቆየት ብለው ይመለሱ» ይለዋል። አራት ተኩል ሲሆን ሰርቨሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል። ይህ ጉድ አምስት ሳምንት ዘለቀ።

አራት ሰዓት የቴሬሬ ሰዓት ነው። በመድኃኒት ማኅበራችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከዳይሬክተሯ እስከ ጥበቃው፣ ወንበሩን ይዞ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ይወጣል። ከቴርሞሱ በረዶ ውሃ ደረቁ ቅጠል ላይ ይቀዳል፣ የቀንድ ዋንጫው ይዞራል፣ ሐሜቱም አብሮ ይዞራል። የማይወጡት ዶን ክሪስፒን ብቻ ነበሩ። ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም ቴሬሬ ከልክሏቸዋል፤ ሌላው ሲጠጣ ቁጭ ብሎ ማየቱን ደግሞ አልቻሉበትም። ስለዚህ ከሰርቨሩ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ፕሮግራሙን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኔና ኦስማር የመጣነው በኋላ ነው፤ እሱ ገጾቹን ይሠራል፣ እኔ ዳታቤዙን አጸዳለሁ።

ብልሽቱን ያልፈለጉበት ቦታ አልነበረም። መጀመሪያ ሜሞሪው ሞልቶ ይሆናል ብለው አስጨመሩ። ቀጥሎ ዲስኩን ጠረጠሩ፣ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያ በአራት ሰዓት በራሱ የሚነሣ ሥራ ካለ ብለው የሰዓት ዝርዝሩን አንድ በአንድ አዩ። ሲወድቅ ሪስታርት ያደርጉታል፣ ተነሥቶ መልሶ ይወድቃል። የራሳቸውን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች ደግመው አነበቡ፤ ሥራዬ ነውና ስህተቱ የኔ ነው ብለው የሚጀምሩ ዓይነት ሰው ናቸው። እኔ በበኩሌ ዕድሜያቸው ስለገፋ ነው እያልኩ በሆዴ አሾፍ ነበር።

አንድ ቀን ማንጎው ሥር ኦስማር ሰርቨሩ የሚወድቀው ሽማግሌው ብቻቸውን ሲቀሩ ነው ብሎ ቀለደ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ቀልድነቱ ቀርቶ ወሬ ሆነ፤ በሳምንቱ ወሬነቱም ቀርቶ ዳይሬክተሯ ሚርና ቢሮዋ ጠራችኝ። ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን አዲስ ሲስተም ሊገዛ መታሰቡን ዶን ክሪስፒን ሰምተው ይሆናል፣ ተናድደውም ይሆናል አለች። ረቡዕ ቴሬሬውን ትተህ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለህ ብታያቸውስ አለችኝ። ነገሩ አልጣመኝም፤ ግን እሺ አልኩ። ኮንትራቴ የሚታደሰው በዚያው ወር ነበር፣ ሚስቴም ነፍሰ ጡር ናት።

ረቡዕ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ዶን ክሪስፒን የሚያዋራቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ አላቸው፤ የያዙትን የቺፓ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ከሩብ ሆነ። ሰርቨሩ ንቅንቅ አላለም።

«አየኸው ደርሊስ?» አሉኝ። «እንግዳ ሲያይ ጨዋ ይሆናል።»

ለሚርና ያየሁትን ነገርኳት፤ አጠገባቸው ስቀመጥ አልወደቀም። ሐሙስ ወደ ማንጎው ተመለስኩ፤ ወደቀ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገችም።

ዓርብ ጠዋት ወደቀና ተነሣ፤ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንንም ጠራችን። ዶን ክሪስፒን አንድ ወረቀት ይዘው ገቡ፤ ፊታቸው በርቷል። በዚያ ጠዋት ፕሮግራሙን መጠየቅ ትተው ዳታቤዙን ጠይቀውት ነበር። አንድ ሰው ከአራት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ የመድኃኒት ክምችቱን ሰንጠረዥ ለማረም ይከፍትና ሳያጸድቅ ትቶት ይሄዳል ብለው አስረዱ። ያንን ሰንጠረዥ ሊነካ የመጣ ሽያጭ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ሰልፉ ሲሞላ ሰርቨሩ አዲስ ሰው መቀበል ያቆማል።

«ስለዚህ ፕሮግራሙ አይደለም» አሉ። «የሰው እጅ ነው።»

«የማን እጅ?» አለች ሚርና።

ወረቀቱ ላይ ያለው ስም «አድሚን» ነው። ሦስታችንም የምንገባው በዚያ በአንድ ስም ነበር። ሰው ሁሉ የየራሱን ይለፍ ቃል እየረሳ ስላስቸገራቸው ያንን ያመጡት ራሳቸው ዶን ክሪስፒን ናቸው፤ ቃሉን በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ የለጠፉትም እሳቸው። ሚርና በአራት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠየቀች። እኔ ነኝ አሉ። ይህን ሲናገሩ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ቀነሰ።

ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ። የተከፈተችው ትእዛዝ ቃል በቃል ታትማለች። የኔ ናት።

ከስድስት ሳምንት በፊት ድርብ የተመዘገቡ መድኃኒቶችን ሳጸዳ የኢንሱሊኑን መስመር በስህተት ሰርዤ ነበር። ማንም ሳያውቅ መለስኩት፤ ግን ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄ ጀመርኩ። ጠዋት እርማቱን እሠራለሁ፣ ሳላጸድቅ እተወዋለሁ፣ ቴሬሬ ጠጥቼ በረጋ አእምሮ ተመልሼ አይቼ አጸድቃለሁ። ረቡዕ ስላልወጣሁ ወዲያው አጸደቅኩት። እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ስለሽማግሌው ሲወራ ስስቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ፋርማሲዎች ከኋላዬ ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር።

በዚያች ደቂቃ መናገር እችል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ለሚርና መለስኩላት። ዶን ክሪስፒን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ የሚል ደብዳቤ ፈረሙ።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቴሬሬ ከመውጣቴ በፊት አጸድቃለሁ። ሰርቨሩ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም። ሰዉ ግን ይህንን ነው የያዘው፤ ሽማግሌው ሄዱ፣ ብልሽቱም አብሮ ሄደ። ደህና ያለፈ ጠዋት ሁሉ በሳቸው ላይ የቆመ ምስክር ነበር፤ ምስክሮቹን በየቀኑ የማቀርበው እኔ ነኝ። ኮንትራቴ ታደሰ። ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። አፍር ነበር፣ ግን እፍረቱን ይዤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

በአራተኛው ወር ዶን ክሪስፒን ደወሉ። ቤታቸው ያለው ኮምፒዩተር እንደተበላሸና እሑድ ብቅ ብል ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። ሄድኩ። ከስተዋል። ኮምፒዩተሩ ምንም አልሆነም። በረንዳው ላይ አስቀመጡኝና ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«ይወድቃል እስካሁን?»

«አይወድቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ብዙ ጊዜ እንዳሰበበት ሰው፣ ዘረዘሩልኝ። «ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ስሙ የኔም ስም ነው፣ እኔ ስሄድ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ ‹አንተ ነህ› እለው ነበር» አሉ። አባታቸው በስልሳ ዓመታቸው የገዛ ልጆቻቸውን ስም መርሳት ጀምረው ነበር። እሳቸውንም ልጃቸው አሱንሲዮን ወስዳ ጭንቅላታቸውን አስመርምራቸዋለች፤ ሚስታቸው የመኪናውን ቁልፍ ደብቀዋል፣ ጋዙንም እንዲያበሩ አይተዉአቸውም።

«እጄ ይሠራና ጭንቅላቴ አያውቅም ማለት ነው» አሉ። «ቁጣ የለኝም ልጄ። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። እኔ ነበርኩ?»

«እርስዎ አይደሉም ዶን ክሪስፒን። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኢንሱሊኑን፣ ጥንቃቄዬን፣ ወረቀቱን። ሳያቋርጡ፣ ብልሽት እንደሚሰማ ሰው፣ አዳመጡኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ረቡዕስ? ረቡዕ ስላልወጣሁ ወዲያው አጸደቅኩት አልኳቸው።

«ለዚያ ነዋ!» አሉ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ፤ ለአፍታ ያህል ከልባቸው ደስ አላቸው። እኔም ሞኙ፣ ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደስታው ከፊታቸው ላይ ወረደ፤ ወንበራቸውን ከኔ አራቁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለሚርና ሰኞ ትነግራታለህ» አሉኝ በመጨረሻ። ወደ ጓዳው ዞረው ሚስታቸውን ዶኛ ባሲሊያን ጠሩ። «ነይ፣ ተቀመጪ። ደርሊስ የሚነግርሽ አለ።» ወደኔ ተመለሱ። «ከመጀመሪያው ጀምር። ቀስ በል፣ እሷ ፕሮግራም አታውቅም። እስኪገባት ድረስ ንገራት።»

ዶኛ ባሲሊያ እጃቸውን እያደረቁ ወጡ። ሕፃን ልጄ ደህና እያደገች ነው ወይ ብለው ጠየቁኝና ፈገግ እያሉ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።