ከበሩ ፊት የምትቀመጠው ሴት

«ይቺን ሻይ ሳትጠጪ ከዚህ አልነሳም፤» አለች አክስቷ ብርጭቆውን እያስጠጋች። «አንቺም ልትከተዪው ነው እንዴ?»

የሟች ልጅ ብርጭቆውን ተቀብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ጆሮዋ በሩ አጠገብ ነበር። እዚያ የተቀመጡት አባቷ የሠራበት ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣ የአባቷም የእሷም አለቃ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው እያንሾካሾኩ ነበር።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ብዕሩስ ብዕር ነበር። ልብ ወለዱን ዜና እያለ አስቸገረን እንጂ።»

ነገሩ የስድስት ዓመት ነው። አባቷ ስለተዘጋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘግብ፣ ከሥራ ከወጣች በኋላም በየጠዋቱ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከተቆለፈው በር ፊት ስለምትቀመጥ ሴት ጻፈ። አገር ምድሩ አነበበው። አለቃው ስሟን ሲጠይቁት «ላልናገር ቃል ገብቻለሁ» አላቸው። የጽሑፎችን እውነትነት ማጣራት የልጅቷ ሥራ ስለነበረ እሷኑ ላኳት። ሦስት ጠዋት ሄዳ ከዘበኛውና ከድመቱ በቀር ማንንም አላየችም፤ ዘበኛውም «ጠዋት የሚመጣ ሰው የለም» አላት። «ሴትየዋ አልተገኘችም» ብላ ፈረመች። አባቷን ወደ ማስታወቂያ ገጽ አዛወሩት። ማታ እራት ላይ ወጡን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት እንጂ አልወቀሳትም። ከዚያ ወዲህ ወይ አባቷ ዋሽቷል ወይ እሷ በድላዋለች፤ የቱ እንደሚሻል አታውቅም ነበር።

በሩን ጠና ያሉ ሴትዮ ገፋ አድርገው ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ያኔ አባትሽ ስለ ፋብሪካው በር ሲጽፉ፣ ሴትየዋ እኔ ነበርኩ። ማረፋቸውን ጋዜጣው ላይ አይቼ መጣሁ።»

ክው አለች። «እኔ እኮ መጥቼ ፈልጌዎታለሁ። ሦስት ጠዋት።»

«ጠዋት የት ታገኚኛለሽ? እኔ የከሰዓት ፈረቃ ነበርኩ፤ በሩ ፊት የምቀመጠውም በዚያው ሰዓት ነበር። ልጆቼ ሥራ መፍታቴን አያውቁም ነበር፤ ሰው ፈልጎ እንዳይመጣብኝ አባትሽን ለመንኳቸው። ‹እንግዲያው ጠዋት ብዬ እጽፈዋለሁ› አሉኝ። አሁንማ ልጆቹም አወቁ፣ ራሳቸውንም ቻሉ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። አባቷ «ከሰዓት ሂጂ» ቢላት ኖሮ ያን ዕለት ነፃ ይወጣ ነበር፤ አላላትም። ይህን ስታስብ አለቀሰች፣ ሳቋም አብሮ መጣ፤ በለቅሶ ቤት ነውር ነውና አፏን በእጇ ያዘች።

«ምነው?» አለች አክስቷ ደንግጣ።

«ሰዓቱን ብቻ ነው አክስቴ። የዋሸው ሰዓቱን ብቻ ነው።»

አለቃዋ ሰምተው ኖሮ ተነሱ። «ማስተካከያ እናወጣለን፤» አሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «ሰዓቱንም እናርማለን።»

ከአባቷ ቦርሳ ያ ጽሑፍ ያለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አወጣች። የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ ከፍታ «በየጠዋቱ» የምትለው ቃል ላይ ደረሰች። ሰረዝ ልታደርግባት አጎነበሰች።

«ሰዓቱስ ይቅር፤ አባቴ ቃል የገባበት ነው፤» አለችና እስክሪብቶውን ከደነች። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።